ለሴቲሚያ የተሠራ የሸክላ አፍ

ሴቲሚያን ምላሷ ለመጀመሪያ ጊዜ የከዳት በግንቦት ወር፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ሱቋ በሰው ጢም ብሎ ሳለ ነው። ከሰሜን በአውቶቡስ የመጡ ጡረተኞች ነበሩ። እሷም እንደ ልማዷ ከመደርደሪያው ላይ አንድ የሸክላ እግር አንስታ፣ እንደ አራስ ልጅ ክንዷ ላይ አጋድማ ታወራላቸዋለች።

«ይህን እግር የተሳለው ሰውዬ ገበሬ ነበር» አለች። «እሾህ ወግቶት፣ መግል ቋጥሮበት፣ እግሩ ዱባ አክሎ። ከታች ከሸለቆው ወደ ምንጩ ወጣና ለምንጯ እመቤት ‹እግሬን መልሺልኝ፣ እኔም እግር አመጣልሻለሁ› ብሎ ተሳለ።»

«ዳነ ታዲያ?» አለች አንዲት ባርኔጣ ያደረገች ሴት።

ይህን ሳይጠይቅ ከሱቁ የሚወጣ ሰው የለም። ሴቲሚያም መልሱን ሃያ ዓመት ሙሉ ስታቀብል ኖራለች፦ «ካልዳነማ እግሩን ተሸክሞ ማን አወጣው? ዳገቱን አይታችሁታል?»

የዚያን ቀን ግን «ዳገቱን» የምትለው ቃል አልወጣ አለቻት። ምላሷ እዚያ ሲደርስ እንደ ረጠበ ጨርቅ ጥርሷ ሥር ዘፍ አለ። «ዳዳቱን» አለች። ደግማ ሞከረች፤ ባሰባት።

«እዚህ አገር ወይን የሚጀመረው በስንት ሰዓት ነው?» አለ አንዱ ሽማግሌ፤ ሁሉም ሳቁ። ሴቲሚያም አብራ ሳቀች። ከጓዳው ሆኖ የሸክላ ጆሮ ጀርባ ሲያለሰልስ የነበረው ባሏ ናዛሬኖ ግን እጁን ከሥራው አነሳ። በሠላሳ አንድ ዓመት ትዳር ሚስቱ ቃል ስታጣ ሰምቶ አያውቅም። የአፍ ወለምታ በቅቤ ቢታሽ አይድንም ይባላል፤ ያ የሚባለው ለክፉ ንግግር ነው። ይህኛው ወለምታ ግን ከነገር የመጣ አልነበረም።

ፖጆሬላ በቢጫ ገደል አናት ላይ የተንጠለጠለች ትንሽ ከተማ ናት። ናዛሬኖ እዚያ ተወልዶ፣ ከከተማዋ ወረድ ብሎ በሚገኝ ፋብሪካ ሃያ ሰባት ዓመት የእጅ መታጠቢያና የሽንት ቤት መቀመጫ ሲሠራ ኖሮ፣ ፋብሪካው ሲዘጋ ቤቱ ገብቶ የተቀመጠ ሰው ነው። እጁ ወርቅ ነው፤ አፉ ግን የለም። የሰፈሩ ሰው «ናዛሬኖ ሲያገባ ምላሱን ለጥሎሽ ሰጣት» እያለ ያሾፍበት ነበር።

ፋብሪካው በተዘጋበት በጋ ሴቲሚያ ከገደሉ ሥር፣ ምንጩ አጠገብ፣ መሬት ለሚቆፍሩ የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ምግብ ታበስል ነበር። ከጉድጓዱ እግር ይወጣል፤ እጅ፣ ዓይን፣ ጆሮ፣ ጡት፣ ማህፀን፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ሕፃን፤ ሁሉም ሸክላ። ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ በፊት የታመመ ሰው ሁሉ የታመመበትን ቦታ በሸክላ አሠርቶ ለምንጯ እመቤት ያስገባ ነበር። አንድ ቀን ሴቲሚያ በጥፍሯ ሥር አፈር እንዳለ ቤት ገባች።

«ናዛ፣ ዛሬ ከመሬት አርባ እግር ወጣ። አንተ ብትሠራው ከሁሉም ይበልጥ ነበር።»

«እግር ምን ያደርግልኛል?»

«ቂል! ዕድሜህን ለሰው መቀመጫ መቀመጫ ስትሠራ ኖርክ። አሁን ደግሞ ወደ እግር ውረድ!»

እንዲህ ነው የተጀመረው። ጭቃውን ከወንዙ ዳር እየቆፈረ ያመጣል፤ ይነፋዋል፤ ከእሳተ ገሞራ የቀረውን ጥቁር አሸዋ ይደባልቅበታል፤ ያሸዋል። ቅርጹን በጣቱና በእንጨት ቢላዋ ያወጣል። ውስጡን ባዶ ያደርገዋል፤ ከጀርባውም አውራ ጣት የምታህል ቀዳዳ ይተውለታል፤ አለዚያ እቶን ውስጥ አየሩ መውጫ ሲያጣ ያፈነዳዋል። በመጨረሻ የስሙን ፊደላትና ዓመተ ምሕረቱን ከጀርባው ያትምበታል፤ ማንም ተነስቶ የጥንት ነው ብሎ እንዳይሸጠው። የከተማዋ ሙዚየምም ጎብኚውም የእሱን ሥራ ያውቁታል። ዕቃውን የሚሸጠው ግን የሴቲሚያ አፍ ነበር።

ልጅ አልወለዱም። የሸክላውን ማህፀን፣ ያን የተደፋ እንስራ የሚመስለውን፣ አንዳንድ ሴቶች እየሳቁ ይገዙታል፤ ሲከፍሉ ግን ቀና ብለው አያዩም። አንዷ በዓመቱ ልጅ አቅፋ ተመልሳ መጣች። ሴቲሚያ ልጁን ተቀብላ ሳመችው፣ እሰይ አለች፤ ሴትዮዋን ሸኝታ ጓዳ ገባችና «የሰው ማህፀን ስሸጥ የራሴን መደርደሪያ ላይ ረሳሁት» አለች። ናዛሬኖ ጭቃውን ማሸቱን ቀጠለ። ከዚያ ወዲያ ስለዚህ ነገር አላወሩም። ስለ ምንጯ እመቤት ከተጠየቀች ደግሞ መልሷ አንድ ነበር፦ «እኔ የምሸጠው ሸክላና ወሬ ነው።»

በመከር ላይ ቪተርቦ ከተማ ወደሚገኝ ሆስፒታል ሄዱ። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ የሴቲሚያን ክንድና ምላስ በቀጭን መርፌ እየወጋች ማሽን ላይ ስታዳምጥ ቆየች። ከዚያ ወንበሯን ሳበች።

«ሲኞራ ሴቲሚያ፣ ብቻዎን መስማት ይሻልዎታል ወይስ ከባለቤትዎ ጋር?»

«እሱን እንደሌለ ቁጠሪው» አለች ሴቲሚያ፤ ቃሉ እየተንከባለለባት። «አይናገርም። ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን ወሬ ስሸጥ ኖሬአለሁ። ሰው ሲሸጥልኝም አውቃለሁ። ሳታሽሞነሙኚ ንገሪኝ።»

ሐኪሟ ነገረቻት። ጡንቻን የሚያዙት ነርቮች አንድ በአንድ እየሞቱ ነው። በአንዳንዱ ሰው ከእግር ይጀምራል፣ በአንዳንዱ ከእጅ፤ በእሷ ከአፍ ጀምሯል። ቀጥሎ ጉሮሮ፣ ከዚያ ክንድ፣ መጨረሻ ላይ ትንፋሽ። ጥቂት ወራት የሚያዘገይ ክኒን አለ። የሚያድን የለም።

«ስንት?»

«ሁለት ዓመት። ሊያጥርም ሊረዝምም ይችላል።»

መኪናቸው ውስጥ ገብተው በሩን ዘጉ። ናዛሬኖ ቁልፉን አልጠመዘዘውም።

«ከእግሬ ቢጀምር ምን ነበረበት?» አለች ሴቲሚያ። «እግር እንደሆነ ሞልቶናል።»

እሱ ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ። እሷ ማጅራቱን በእጇ ይዛ፣ መኪና ማቆሚያው ባዶ እስኪሆን እዚያው ቆዩ።

የብርዱ ክረምት ሳይጋመስ ከሱቁ ቀረች። ያስቀራት አንድ ጎብኚ ነው፤ ስታስረዳው ቆይቶ ወደ ሚስቱ ዞረና በገዛ ቋንቋው «ጥንብዝ ብላለች» አላት። ሴቲሚያ የቋንቋውን ቃል ባታውቅም የእጁን ምልክት አየች። በማግስቱ ከጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ የተማሪ ደብተር ገዛችና ጓዳ ውስጥ፣ ናዛሬኖ በሚሠራበት ጠረጴዛ ጫፍ ተቀመጠች። ከዚያ ጀምሮ የምትለውን ሁሉ ትጽፋለች። ሲዘገይባት በማንኪያ ጠረጴዛውን ትደበድባለች።

ውኃ እንኳ እንደ ድሮው አይወርድላትም፤ እንዳያንቃት በዱቄት እያወፈሩ በማንኪያ ያጎርሷታል። እህቷ ፎስካ ማዶ ከሚገኘው ሰፈር በየቀኑ እየመጣች ሾርባ ታደቅቅላታለች። ከሁሉ የከፋው ግን ሳቁ ነበር። በሽታው ሳቅና ልቅሶዋን ከእጇ ነጥቆ ወስዶታል። ሳታስበው ይመጣባትና ትከሻዋ እየተርገፈገፈ፣ እንባዋ እየወረደ ትስቃለች፤ ዓይኗ ግን አይስቅም። ናዛሬኖ ሠላሳ አንድ ዓመት የሚያውቀውን ፊት ማንበብ ተሳነው።

ፎስካ የሃይማኖት ሰው ናት። «ተራራው ላይ ያለችውን እመቤታችንን ሳንማጸን እጃችንን አጣጥፈን ልንቀመጥ ነው?» ብላ አንድ እሑድ ሁለቱንም ይዛ ወጣች። የቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ በስለት ተሸፍኗል፤ የብር ልብ፣ የተጣለ ምርኩዝ፣ ስም የተጠለፈበት የሕፃን ልብስ። ናዛሬኖ ከእናቱ ቀብር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተንበረከከ። ምን እንደሚል አላወቀም። የብር ልቦቹን ሲያይ በማሽን የታተሙ መሆናቸው ብቻ ታየው። ቅዳሴው መሐል ላይ ሴቲሚያን ሳቁ ያዛት። ምእመናኑ ዞረው አዩዋት፤ ፎስካ በሻርፗ የራሷን ፊት ሸፈነች። ቄሱ ዶን አልቢኖ ቅዳሴውን አቋርጠው ከመሠዊያው ወረዱ፤ የሴቲሚያን ራስ ደረታቸው ላይ አስጠግተው ሳቁ እስኪያልቅ ያዟት። ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ተመልሰው ካቆሙበት ቀጠሉ።

ከተራራው በተመለሱ በሦስተኛው ቀን ሴቲሚያ ደብተሯን ወደ ባሏ ገፋችው። «አፍ ሥራልኝ» ይላል።

«የምን አፍ?»

«የእኔን። ምንጩ ጋ የምንወስደው።»

ናዛሬኖ የእንጨት ቢላዋውን አስቀመጠ። «ሴቲሚያ፣ ተይ።»

ማንኪያው ጠረጴዛውን ደበደበ። «ለመንገደኛ ሁሉ ጉበት ስትሠራ ኖረህ ለእኔ አንድ ምላስ ትሰስታለህ?»

«አንቺው ራስሽ አይደለሽም ሸክላና ወሬ ነው ያልሽኝ!» ብሎ ጮኸ። በትዳራቸው ዘመን ሲጮኽ ይህ የመጀመሪያው ነው፤ ድምፁ እሱን ራሱን አስደነገጠው። «አንቺ ነሽ ያልሽው! አሁን እኔን ምን አድርግ ትይኛለሽ?»

ሴቲሚያ ቀስ ብላ ጻፈች። እጇም መዛል ጀምሯል።

«አዎ ብያለሁ። ወሬው አልቆብኛል። የቀረኝ ሸክላው ነው።»

በማግስቱ ጠዋት መስኮቱ ሥር አስቀመጣት። ሙዚየሙ ጓዳ ውስጥ አንድ ጊዜ ያየው የጥንት አፍ አለ፤ ከአፍንጫ በታች ያለው ፊት ብቻ፣ ከንፈሩ ተከፍቶ፣ ምላሱ ወጣ ብሎ። እሱን እያሰበ ጭቃውን ጠፈጠፈ።

«ክፈቺ እስቲ» አላት።

ከፈተች። ናዛሬኖ ጎንበስ ብሎ አየ። የሚስቱን አፍ እንዲህ ቀርቦ በቀን ብርሃን አይቶት አያውቅም። ምላሷ ሟሽሾ ዳርና ዳሩ ተጨማዷል፤ እንቅስቃሴውም አልቆመም። እሷ ሳታዝዘው፣ ከቆዳው ሥር ትሎች የሚርመሰመሱ ይመስል፣ እዚህም እዚያም ይነዝራል። ሐኪሟ ይህን ነግራቸው ነበር፤ ነርቭ ሲሞት እንዲያ ያደርጋል ብላ። መስማትና ማየት ግን ለየቅል ናቸው። ናዛሬኖ ወደ ጭቃው ተመለሰ። እግር ሲሠራ እግሩ ዝም ይልለታል፤ ይህ አልቆም አለው። ምን ዓይነት ምላስ ይሥራ? ያለውን ነው ወይስ የነበረውን? ገበሬው ያስገባው የታመመውን እግር ነው ወይስ የዳነውን? ከሃያ ዓመት ሥራ በኋላ ይህን አለማወቁ ያን ጊዜ ገባው።

«የድሮውን ነው የምሠራው» አለ ጮክ ብሎ።

ሴቲሚያ አፏን እንደከፈተች በአውራ ጣቷ እሺ አለችው። ምራቋ አገጯ ላይ ወረደ፤ በመሐረብ ጠረገላትና ሥራውን ቀጠለ።

ቸኮለ። የካቲት ነው፣ እርጥብ ነው፤ ሸክላ በእንዲህ ያለ ወር ለመድረቅ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል፤ እሱ ግን በአራተኛው ቀን እቶን አስገባው። ከሰዓት በኋላ ከእቶኑ ውስጥ የተኩስ ያህል ድምፅ ተሰማ። ሲከፍተው አፉ ሃያ ቦታ ተሰባብሮ፣ አጠገቡ የነበሩትን ሁለት እጆችና አንድ ጆሮም ይዟቸው ሄዷል። ሴቲሚያ በሩ ላይ ቆማ አየችና ሳቁ ያዛት። ትከሻዋ እየተርገፈገፈ ሳቀች። ናዛሬኖ መጥረጊያውን ይዞ ቆመ።

«ይህ የበሽታው ነው የራስሽ?» አላት።

ሳቁ እስኪለቃት ጠብቃ፣ እኔም አላውቅም በሚል ራሷን ወዘወዘች።

ሁለተኛውን በትዕግሥት ሠራው። ሲጨርስ፣ ሳይደርቅ፣ ማኅተሙን አንስቶ መልሶ አስቀመጠ።

«ምነው?» ብላ ጻፈች።

«ልመና ላይ የነጋዴ ማኅተም ምን ይሠራል?»

«ማን እንደላከው ካላወቀች ለማን ትመልሳለች?» ጻፈችና ማኅተሙን ራሷ አነሳችው። ጉልበት አልነበራትም፤ በሁለት እጇ፣ ደረቷን ተደግፋ ተጫነችው። ፊደሎቹ በአንድ ወገን ብቻ ጎልተው ወጡ።

በመጋቢት አጋማሽ፣ ባለ ሦስት ጎማ የጭነት መኪናቸው ላይ ትራስ አንጥፎላት ወደ ምንጩ ወረዱ። ቦታው በሽቦ ታጥሯል፤ ቁልፉ ያለው የአጥሩ ጎረቤት ከሆነው ከለውዝ ገበሬው ከኡልደሪኮ ዘንድ ነው። ኡልደሪኮ ሴቲሚያን አየ፣ ጨርቅ የተጠቀለለውን ነገር አየ።

«አዲስ ዕቃ እዚህ መቅበር ክልክል ነው፤ ታውቃለህ አይደል?» አለ።

«አውቃለሁ።»

«እኔ ዛሬ ቱቦ እየጠገንኩ ነው። ጀርባዬን ሰጥቼ ነው የምሠራው» ብሎ ከፍቶላቸው ሄደ።

ከምንጩ የቀረው ከሁለት ድንጋይ መሐል የሚያዥ፣ ክር የመሰለ ውኃ ነው። ናዛሬኖ ሚስቱን ድንጋይ ላይ አስቀምጦ ድንጋዮቹ ሥር በእጁ ቆፈረ፤ አፉን ወደ ሰማይ አድርጎ አስቀመጠው። ከዚያ ተንበርክኮ ቀረ። ሴቲሚያ በማንኪያ የምትመታው ጠረጴዛ የለም፤ በጫማዋ ጫፍ ጀርባውን ነካ ነካ አደረገችው። ተናገር ማለቷ ነው።

«ስምሽን አላውቀውም» አለ ናዛሬኖ ወደ ውኃው። «ሃያ ዓመት በስምሽ ስኖር ስምሽን አልጠየቅኩም። ይቅርታ። መናገሩን እንኳ ተዪው... እንድትውጥ አድርጊልኝ። ውኃ እንድትውጥ። ሌላ አልልም።» ቆይቶ ደግሞ «እባክሽ» አለ፤ «እባክሽ፣ እባክሽ» እያለ አልቆም አለው፤ ኡልደሪኮ ከሩቅ መዶሻውን ማንኳኳት አቆመ።

ምንም አልመጣም። በሚያዝያ በሾርባ የራሰ ዳቦ አነቃት። ፊቷ ጠቆረ፤ ናዛሬኖ ከኋላዋ አቅፎ ሆዷን ሲጫን፣ ፎስካ እየጮኸች ጎረቤት ስትጠራ፣ ዳቦው ወጣ። ሐኪሟ ከዚያ በኋላ እቅጩን ነገረቻቸው፦ ሆዷ ላይ የምግብ ቱቦ የሚገባ ከሆነ አሁን ነው፣ ትንፋሿ ሳይደክም፤ ከዘገየ ማደንዘዣውን አትችለውም።

«አይሆንም» ብላ ጻፈች ሴቲሚያ። ከሥሩም፦ «የማልቀምሰውን ምግብ ምን ልሁን ብዬ?»

ናዛሬኖ ሦስት ቀን ለመናት። ተናግሮ የማያውቀው ሰው በሦስት ቀን የዕድሜውን ተናገረ። አልጋዋ አጠገብ፣ ጠረጴዛው አጠገብ፣ ልብሷን ሲያጥብ፣ ስትነሳም እየተከተለ። «ጥቂት ወር ብቻ» አለ። «በጋውን ብቻ» አለ። ፎስካ እንኳ «ኧረ ተዋት፣ ትረፍ» አለችው። በሦስተኛው ቀን ሴቲሚያ እጁን ይዛ አስቀመጠችውና ጻፈች።

«ለእኔ ነው ለአንተ?»

ሊዋሽ አፉን ከፈተ። ዓይኗን ሲያይ ተወው።

«ለእኔ» አለ። «ቤት ስገባ ማን ያናግረኛል?»

ደብተሩን ወደ ራሷ ሳበች። ከዚያ ጻፈች፦ «እሺ። ለአንተ ከሆነ።»

ቱቦው ገባ። ሴቲሚያ ከዚያ ወዲያ ዓመት ከአራት ወር ቆየች። አንዳንዱ ቀን ደህና ነበር፤ ናዛሬኖ ስፖንጅ በወይን እየነከረ ከንፈሯን ያርስላታል፣ እሷም ዓይኗን ጨፍና ታጣጥመዋለች። ብዙው ቀን ግን አልነበረም። እጇ ሲሄድ ደብተሩ አበቃ። ፎስካ በካርቶን ላይ ፊደል ጻፈችላቸው፤ ናዛሬኖ አንድ በአንድ እየነካ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጠራል፣ የምትፈልገው ላይ ሲደርስ ዓይኗን ታርገበግባለች። ያ ዝምተኛ ሰው ከጠዋት እስከ ማታ ፊደል ሲጠራ ይውል ጀመር።

በሐምሌ መጨረሻ፣ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ እያለች፣ ሴቲሚያ ሦስት ፊደል መረጠች። «ይ» ላይ አርገበገበች። «ብ» ላይ አርገበገበች። «ቃ» ላይ አርገበገበች።

ናዛሬኖ ካርቶኑን ጉልበቱ ላይ አሳረፈ።

«ይብራ?» አለ። «መብራት ነው? እሺ፣ አበራልሻለሁ።» ተነስቶ በቀትር መብራት አበራ።

ሴቲሚያ አየችው።

በማግስቱ ደገመችው፤ «ይብራ» ብሎ አበራላት። በሦስተኛው ቀን ካርቶኑን አጥፎ ቁም ሣጥን ላይ ሰቀለው፤ ለፎስካም ፊደሉ ያደክማታል አላት። አሥራ ዘጠኝ ቀን እንዲህ አለፈ። መብራቱ ከጠዋት እስከ ማታ ይበራል፣ ሴቲሚያ ጣሪያውን ታያለች፣ ናዛሬኖ ቱቦውን ያጥባል፣ ያዞራታል፣ ያጥባታል፣ ፊቷን ግን አያይም። በሃያኛው ቀን ፎስካ ካርቶኑን ከቁም ሣጥኑ ላይ አገኘችው። ናዛሬኖን ከጓዳው ሳትጠራ ራሷ አልጋው ጫፍ ተቀምጣ ፊደል ጠራች። ሲመለስ እህትማማቾቹን ተያይዘው አገኛቸው።

«ናዛሬኖ» አለች ፎስካ፣ ሳትቆጣ። «አንተ ማንበብ ትችላለህ።»

ናዛሬኖ ከበሩ ወደ አልጋው መጣ። ወለሉ ላይ ተቀምጦ ፊቱን በአልጋ ልብሱ ሸፍኖ አለቀሰ። ይቅርታ የሚል ቃል ለማውጣት ሞከረ፤ እንደ እሷ የመጀመሪያ ቀን፣ አልወጣ አለው።

ሐኪሟ ቤት ድረስ መጣች። ሴቲሚያን ሁለት ጊዜ፣ በሁለት የተለያየ ቀን፣ ብቻዋን ጠየቀቻት፤ ሁለቱንም ጊዜ መልሷ አንድ ነበር። ምግቡ ቆመ፤ ትንፋሿ እንዳያስጨንቃት መድኃኒት ተሰጣት። በሳምንቱ፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ከገደሉ በታች የለውዝ መልቀሚያ ማሽኖች እያጓሩ፣ አረፈች። ናዛሬኖ እጇን ይዞ ነበር። የማሽኖቹን ድምፅ ለማጥፋት መስኮቱን ይዝጋ አይዝጋ ሲያመነታ ነው ያመለጠችው።

ከቀብሩ በኋላ ሥራውን አልተወም። እግር ይሠራል፣ ዓይን ይሠራል፣ እጅ ይሠራል። አፍ አይሠራም። በባሕር ጠረፍ ካለች ከተማ የመጣ አንድ ሰው፣ ልጁ እንደማትናገር ነግሮት፣ የጠየቀውን ሁሉ እከፍላለሁ ብሎ ለምኖት ነበር፤ ናዛሬኖ ቁጭ አድርጎ ውኃ ሰጠው፣ ሙሉ ከሰዓት አዳመጠው፣ አፉን ግን አልሠራለትም። ሱቁን ፎስካ ትጠብቃለች። ስትሸጥ ስለ ቅዱሳን ታወራለች፤ ብዙም አትሸጥም።

በኅዳር አንድ ቀን፣ ዝናብ ሲጥል፣ ናዛሬኖ ዶን አልቢኖን ፈልጎ ተራራው ላይ ወጣ። ሊናዘዝ አልነበረም፤ አግዳሚው ላይ አጠገባቸው ተቀምጦ ስለ አሥራ ዘጠኙ ቀን ነገራቸው። ስለ መብራቱ ነገራቸው። ዶን አልቢኖ ትከሻውን ያዙት።

«እግዚአብሔር ይቅር ይልሃል፣ ልጄ። ከፍቅር ያደረግኸው ነው።»

«እሱን አልጠየቅኩም፣ አባ» አለ ናዛሬኖ። «ይቅር እንድትለኝ የምፈልገው እሷ ናት። ካርቶኑ እጄ ላይ እያለ፣ ዓይኗም እያየኝ፣ በዚያ ሁሉ ቀን አንድ ጊዜ ብጠይቃት ትመልስልኝ ነበር።»

ዶን አልቢኖ ዝናቡ እስኪያባራ አብረውት ተቀመጡ። ሲያባራ ናዛሬኖ ኮፍያውን አድርጎ፣ ለኩሶት የመጣው እቶን እንዳይበርድበት፣ ዳገቱን ወረደ።